ያሠራውና የሠራው፦ የጎንደርን ግንብ በሌጎ ስሠራ የተማርኩት

በማኅበራችን ዓመታዊ የቤተሰብ ምሽት፣ ናታንያ ላይ የቀረበ ንግግር



ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። አማርኛን ለባግሩት ተፈትኜ አልፌያለሁ፤ ነገር ግን የእኔ አማርኛ ከመጽሐፍ ይልቅ ከአያቴ ጓዳ የተገኘ ነው። ትምህርት ቤት በዕብራይስጥ፣ ቤት በአማርኛ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ቃል ብስት፣ እናቶች እዚያው ተቀምጣችሁ ብታርሙኝ ደስ ይለኛል፤ ብትስቁም አልቀየምም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እዚህ በምንጠቀምበት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ስትሰሙ ከአገር ቤቱ ጋር እንዳይምታታባችሁ።

ስትገቡ በስተቀኝ በኩል ጠረጴዛ ላይ አንድ ግንብ አይታችኋል። ልጆቹ “መንካት ይቻላል ወይ?” እያሉ ሲጠይቁኝ ነበር። በዓይን አሁንም ይቻላል፣ በእጅ ግን ከንግግሩ በኋላ። የጎንደሩ የአጼ ፋሲል ግንብ ነው፤ የተሠራው ከሌጎ ነው። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ቁራጮች ገብተውበታል። ሰባት ወር ፈጅቶብኛል፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ ፈርሶብኛል። ዛሬ የምነግራችሁ እንዴት እንደሠራሁት፣ ለምን እንደፈረሰ፣ ከፊቱ በሚቆመው ጽሑፍ ምክንያትም ከአያቴ ጋር እንዴት እንደተከራከርን ነው። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ ጽሑፉን ያነበበ ያውቀዋል።

ነገሩ የተጀመረው በጃፓን ነው

ከጦር ሠራዊት ስሰናበት ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ትልቅ ሳጥን ገዙልኝ። ውስጡ የሂሜጂ ግንብ ነበር፤ 2,125 ቁራጮች ያሉት የሌጎ ሥራ። ሂሜጂ በጃፓን የሚገኝ፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ የሆነ ግንብ ነው። ጃፓኖቹ ክንፉን ከዘረጋ ነጭ ወፍ ጋር ያመሳስሉታል። ዛሬ የሚታየውን መልክ የያዘው ከ1601 እስከ 1609 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የቦታው ጌታ ኢኬዳ ቴሩማሳ የሚባል መስፍን ነበር። በጃፓን በዚያ ዘመን በየግዛቱ መስፍን አለ፤ ከመስፍኑ በታች ሳሙራይ የሚባሉ ጦረኞች አሉ፤ ከሁሉም በታች ደግሞ ሩዙን ዘርቶ ግብር የሚከፍለው ገበሬ አለ። እዚህ ለተቀመጡ ሽማግሌዎች ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም። ሩዙን በጤፍ ብንለውጠው አገሩን ታውቁታላችሁ።

ከሳጥኑ ጋር የሚመጣ መምሪያ መጽሐፍ አለ፤ ገጽ በገጽ የትኛው ቁራጭ የት እንደሚገባ ያሳያል። እሱን እየተከተልኩ በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። ስሠራ ያስተዋልኳቸውን ነገሮች ልንገራችሁ፣ በኋላ ያስፈልጉናል። አንደኛ፣ ግንቡ የቆመበት የድንጋይ መሠረት ወደ 15 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከታች ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ ይጠባል፤ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጎብጦ ነው የሚወጣው። ክብደቱን የሚሸከመው በዚያ ነው፤ ለጠላትም መውጣት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ከመሠረቱ በላይ ያለው አካል እንጨት ነው። ነጭ ያደረገው በእንጨቱ ላይ የተለሰነው ኖራ ነው፤ ኖራው እሳት ይከላከላል። ሦስተኛ፣ ከውጭ ለሚያየው አምስት ፎቅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስድስት ፎቅና አንድ ምድር ቤት አለው። ከውጭ የሚቆጥር ይሳሳታል።

አያቴን እኛ ቤት እምዬ ነው የምንላቸው። ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። የጨረስኩ ቀን ክፍሌ ገብተው ግንቡን ዞር ብለው አዩት።

“ይሄ የማን ቤት ነው?” አሉኝ።

“የጃፓን መስፍን ቤት ነው እምዬ።”

“ያምራል። የጎንደሩስ?”

“የጎንደሩ በሳጥን አይሸጥም።”

“ታዲያ ያልተሸጠ ነገር አይሠራም እንዴ?” ብለው ወጡ።

እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለት ግንቦች፣ አንድ ዘመን

በማግስቱ ስለ ጎንደር ማንበብ ጀመርኩ። አጼ ፋሲል የነገሡት በ1632 ነው፤ ጎንደርን መቀመጫቸው ያደረጉት በ1636። የሂሜጂ ግንብ ካለቀ በ27 ዓመት ማለት ነው። ሁለቱ አገሮች ስለ ሕልውናቸው አይተዋወቁም፤ ግን በዘመኑ የሚያደርጉት ነገር ይመሳሰል ነበር። አጼ ፋሲል የአባታቸውን የአጼ ሱስንዮስን የካቶሊክ ሃይማኖት ትተው፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የውጭ አገር ሰባኪዎች በ1630ዎቹ ከአገር አስወጡ። በእነዚያው ዓመታት ጃፓንም በሯን እየዘጋች ነበር፤ በ1639 ፖርቱጋሎችን ከልክላ አባረረች። አንዱ ተራራ ላይ፣ ሌላው ባሕር መካከል ሆነው ሁለቱም በራቸውን ዘጉ፤ ሁለቱም ግንብ ሠሩ።

ከፍታቸው ደግሞ የበለጠ አስገረመኝ። የሂሜጂ ዋናው ግንብ ከድንጋይ መሠረቱ በላይ ወደ 31 ሜትር ተኩል ነው። የፋሲል ግንብ እስከ ማማው ጫፍ ወደ 32 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። ልዩነታቸው የአንድ ልጅ ቁመት ቢሆን ነው። ኖራም ሁለቱም ጋ አለ፤ ብቻ ሥራው ይለያያል። ሂሜጂ ላይ ኖራው እንጨቱን ያለብሳል፤ ጎንደር ላይ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያይዛል። የጎንደሩ ከምድር እስከ ጣራ ድንጋይ ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት ክብ ማማዎች አሉት፤ ራሳቸው እንደ እንቁላል ጫፍ ድፍን ነው። ከጣራው በላይ ደግሞ አራት ማዕዘን የሆነ አንድ ረጅም ማማ አለ። አየሩ ጥሩ ሲሆን ከዚያ ላይ ጣና ይታያል ይባላል።

ከአጼ ፋሲል በኋላ የመጡ ነገሥታትም በዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ጨመሩ፤ አጼ ኢያሱ፣ አጼ ዳዊት፣ አጼ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ። ግቢውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ዙሪያና 12 በሮች አሉት። ዩኔስኮ ግቢውን በ1979 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ሂሜጂን የመዘገበው በ1993 ነው። አያችሁ፣ በዚህ እንኳ ቀድመናቸዋል።

በ1941 በጦርነቱ ጊዜ ጎንደር በጣሊያኖች እጅ ስለነበረች የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቧት፤ የአጼ ኢያሱ ግንብ በጣም ተጎዳ። በ1945 ሂሜጂ ከተማም ተደብድባ ተቃጠለች፤ ግንቡ ላይ የወደቀው ቦምብ ግን ሳይፈነዳ ቀረ። ሁለቱም ግንቦች እስከ ዛሬ ቆመዋል።

መምሪያ መጽሐፍ የሌለው ሥራ

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ፤ ወጣቶቹ የምትጠብቁት ይሄን ነው።

መጀመሪያ መጠኑን መወሰን ነበረብኝ። አንድ ለመቶ ብዬ ወሰንኩ፤ እዚያ አንድ ሜትር የሆነው እዚህ አንድ ሳንቲም ሜትር ይሆናል። የሌጎ ጡብ ቁመቱ 9.6 ሚሊ ሜትር ነው። በላዩ ያሉት ክብ ጉጦች ደግሞ ከአንዱ መካከል እስከ ሌላው መካከል 8 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ስለዚህ 32 ሜትሩ ግንብ 32 ሳንቲም ሜትር ይሆናል፤ በጡብ ሲቆጠር 33 ድርድር። አጥሩንም ልጨምር ብዬ ነበር፤ ሳሰላው ዘጠኝ ሜትር ፕላስቲክ ሆነብኝ። እናቴ “ሳሎኑን ለጎንደር ለቀን እኛ ደጅ እንደር?” አለችኝ። አጥሩን ተውኩት።

ቁራጮቹን አዲስ መግዛት ውድ ነው። እኔ የሠራሁት ከጎረቤት፣ ከአክስቶቼ ልጆች፣ ልጆቻቸው አድገው በከረጢት ካስቀመጡ ቤተሰቦች ለምኜ ነው። ስለ ሌጎ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ጡቡ ዛሬ ያለውን አሠራር የያዘው በ1958 ዴንማርክ ውስጥ ሲሆን፣ ያኔ የተሠራው ከዛሬው ጋር ይገጥማል። አንዲት ጎረቤታችን የሰጡኝ ከረጢት ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ሁሉም ገጠመ። ቀለሙ ግን ችግር ነበር። የጎንደር ድንጋይ ቡናማም ግራጫም ነው፤ በመስኮቶቹና በበሮቹ ዙሪያ ቀላ ያለ ድንጋይ አለ። እኔ ያገኘሁት ግን ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ነበር። ያንን ሁሉ ወደ ውስጥ ከተትኩት። ከውጭ የምታዩት ብቻ ነው የድንጋይ ቀለም ያለው። ብትከፍቱት ውስጡ የፑሪም በዓል ይመስላል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ክቡ ማማ ነው። አራት ማዕዘን ከሆነ ጡብ ክብ ነገር እንዴት ይወጣል? መጀመሪያ ትንንሽ ጡቦችን በደረጃ እያስገባሁ እያስወጣሁ ሞከርኩ፤ ማማው ክብ ሳይሆን የተበላ በቆሎ መሰለ። ቀጥሎ የሩብ ክብ ቅርጽ ያላቸውን ጡቦች አገኘሁ፤ አራቱ ሲገናኙ ሙሉ ክብ ይሠራሉ። ለማማዎቹ ራስ ደግሞ ግማሽ ኳስ የሚመስሉ ቁራጮች። አራቱን ማማዎች ለብቻ ለብቻ ሠርቼ፣ አራቱን ግድግዳዎች ለብቻ ሠርቼ፣ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። አማረልኝ። የዋናው ግንብ ቆሞ ሳይ ኮራሁ።

ፈረሰ

የስግድ በዓል ሰሞን እንግዶች ሊመጡ ነበር። ግንቡን ከክፍሌ ወደ ሳሎን ላውጣ ብዬ ከታች ያዝኩና አነሳሁት። በሩ ጋ ስደርስ አንዱ ማማ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ተገነጠለ። እሱን ልይዝ ስል ሌላኛው ግድግዳ ወደቀ። የሦስት ወር ሥራ ኮሪደሩ ላይ ተበተነ። እግሬን ጡብ እየወጋኝ ቆሜ ቀረሁ። የ22 ዓመት ሰው ነኝ፣ ሠራዊት የጨረስኩ ነኝ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላለቅስ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

አባቴ ለብዙ ዓመት በግንባታ ሥራ የኖረ ሰው ነው። ከሥራ መጥቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጎንበስ ብሎ አንዱን ስብርባሪ አነሳ። አገላበጠው።

“ስፌቱ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ነው” አለኝ። “ጡቡን በጡብ ላይ ልክ በልኩ ደርድረኸዋል። ይሄ ግድግዳ አይደለም፣ ቁልል ነው። ከታች ሁለቱ የተገናኙበት ላይ ከላይ አንድ ሙሉ አስቀምጥ። ማማውንም ከግድግዳው አትለየው። የግድግዳው ጡብ ማማው ውስጥ ይግባ፣ የማማው ግድግዳው ውስጥ። እንዲያ ካልሆነ ጎረቤት ናቸው እንጂ ቤት አይደሉም።”

ይሄን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሦስት ወር አልጠየቅኩትም ነበር። ኢንተርኔት ላይ ስንት ቪዲዮ አይቻለሁ፤ አባቴን ግን “ግድግዳ እንዴት ይሠራል?” ብዬ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አብረን ተቀመጥን። በአማርኛ እንዲህ ረጅም ጊዜ ያወራን አይመስለኝም። እሱ የሚያውቃቸውን የሥራ ቃላት በአማርኛና በዕብራይስጥ እየቀላቀለ ነገረኝ፤ እኔም ጻፍኳቸው። ሁለተኛው ግንብ እሱ ነው፤ ዛሬ በመኪና ተጭኖ እዚህ ሲመጣ አንድ ጡብ አልወደቀም።

አንዲት ፊደል

ሥራው አለቀ። የቀረው ከፊቱ የሚቆመው ጽሑፍ ነበር። ካርቶን ቆርጬ በጥሩ ፊደል “ይህን ግንብ አጼ ፋሲል ሠሩት” ብዬ ጻፍኩ። ለእምዬ አነበብኩላቸው።

“ሠሩት?” አሉ። “ንጉሡ ድንጋይ ተሸከሙ?”

“አይ እምዬ፣ አባባል ነው።”

“አባባሉ እንዲህ አይደለም። አሠሩት ነው የሚባለው። ንጉሥ ያሠራል፤ ሰው ይሠራል።”

እኔ በዕብራይስጥ እያሰብኩ ነበር የጻፍኩት። አማርኛው ግን በአንዲት “አ” ሁለቱን ይለያቸዋል። ያሠራው ሌላ፣ የሠራው ሌላ ነው። ያሠራውን እናውቃለን፤ ስሙ በየመጽሐፉ አለ። የሠራውስ ማን ነው?

እዚህ ላይ የምናገረውን እንዳላጋንን እጠነቀቃለሁ። ስለ ግንቡ ንድፍ ብዙ ተብሏል፤ ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነበረበት የሚሉ አሉ፣ የፖርቱጋሎች እጅ አለበት የሚሉም አሉ። “ሁሉንም እኛ ነን የሠራነው” ብል እውነት አይሆንም። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊዎች የሚስማሙበት ነገር አለ፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ከግንበኞቹ፣ ከአናጢዎቹና ከአንጥረኞቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። አንዳንዶቹ ለሙያቸው መሬትና የሹመት ስም እስከ ማግኘት ደርሰዋል።

ወደ ሙያው እንዴት እንደገቡም ማወቅ ይገባናል። ቤተ እስራኤል በሰሜን ተራሮች የራሳቸው መሪዎች ነበሯቸው። ከነገሥታቱ ጋር ለብዙ ዘመን ተዋጉ። በመጨረሻ በ1620ዎቹ፣ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን፣ ተሸነፉ። ርስት የሌለው ሰው ምን ይበላል? እጁን ይበላል። ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፣ ሸክላ ሠራ፣ ግንብ ገነባ። የአባቶቻችንን ኃይል የሰበሩት ንጉሥ ልጅ ከተማ ሲቆረቁሩ ከሠራተኞቹ መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩ። በ1668 ደግሞ፣ በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ ቤተ እስራኤልና ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ በጎንደር ጉባኤ ተወሰነ። ለነገሥታቱ የሚሠራ እጅ ለብቻው ሰፈር እንዲኖር ተደረገ ማለት ነው።

ሙያውም ስድብ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ታውቁታላችሁ፤ ብረት የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትሠራውን “ቡዳ” ይሏቸው ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባል ነበር። ቀን ማረሻውን ከእነሱ ይገዛሉ፤ ማታ ልጃቸውን ከእነሱ ይደብቃሉ።

እኔ የደበቅኩት

አሁን ከባዱን ልናገር።

እምዬ የወለቃ ሰው ናቸው። ወለቃ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ መንደር ነው። እምዬ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እንስራ፣ ድስት፣ ምጣድ ይሠሩ ነበር፤ ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ደግሞ ትንንሽ ቅርጾች፤ አንበሳ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ። መንገድ ዳር ዘርግተው ይሸጡ ነበር። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ሲመጡ ከሸክላው አንድም አልያዙም።

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ፣ ልጆቻችሁ ሁሉ የሚሠሩትን የቤተሰብ የሥር ጥናት ሠራሁ። እምዬ ሁሉንም ነገሩኝ፤ ጭቃው ከየት እንደሚመጣ፣ የተሰበረ ገል ፈጭተው እንዴት እንደሚቀላቅሉበት፣ በኩበት እንዴት እንደሚተኩሱት። ከዚያ ጥቂት ቀን በፊት ግን አንድ ትልቅ ሰው ሌላውን ሲሰድብ ሰምቼ ነበር፤ ስድቡ “የሸክላ ሠሪ ልጅ” የሚል ነበር። ፈራሁ። በዕብራይስጥ “አያቴ ገበሬ ነበረች” ብዬ ጻፍኩ። የበሬ ሥዕልም ሣልኩ። እምዬ ዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም። “ምን ብለህ ጻፍክልኝ?” ሲሉኝ “እንደነገሩኝ” አልኳቸው። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት።

ይሄን ለዘጠኝ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። ያን ቀን ካርቶኑን ይዤ ፊታቸው ቆሜ ሳለ፣ “የሠራውስ?” ሲሉኝ፣ አወጣሁት። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። የቡናውን ሲኒ አነሱ፣ አስቀመጡ። ከዚያ “ታዲያ አሁን አርመው” አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉኝም።

የአሮጊቷ ወፍጮ

ወደ ሂሜጂ አንድ ጊዜ ልመልሳችሁ። ስለዚያ ግንብ አንድ ተረት አለ። ከኢኬዳ በፊት ሂዴዮሺ የሚባለው የጦር አለቃ በቦታው ግንብ ሲያስገነባ ድንጋይ አጠረው። በከተማው ዳቦ መሰል የሩዝ ቂጣ እየሸጠች የምትኖር አንዲት ድሃ አሮጊት ይሄን ሰምታ የወፍጮዋን ድንጋይ ሰጠችው። ወሬው ሲሰማ ሌላውም ሰው ያለውን ድንጋይ እያመጣ ሰጠ ይባላል። ተረት ነው፤ ነገር ግን የዚያች አሮጊት ወፍጮ ነው የሚባለው ድንጋይ ዛሬም ግንቡ ግድግዳ ላይ አለ። እንዳይወድቅ የሽቦ መረብ አድርገውበታል፤ ጎብኚው ቆሞ ያየዋል። መስፍኑን የሚያስታውሱ ጃፓኖች አሮጊቷንም አልረሱም።

ይሄን ለእምዬ ስነግራቸው በጣም ወደዱት። “ወፍጮዋን ሰጥታ ከዚያ በምን ፈጨች?” አሉ። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ወፍጮ ይዞ የኖረ ሰው ነው ይሄን የሚጠይቀው።

በማግስቱ ከሥነ ጥበብ ዕቃ መሸጫ ጭቃ ገዝቼ አመጣሁላቸው። ሸተት አድርገው “ይሄ ጭቃ አይደለም፣ ሳሙና ነው” አሉ፤ ግን እጃቸውን አርጥበው ጀመሩ። ከ30 ዓመት በላይ ያልሠሩ እጆች ናቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰዎች ሠሩ፤ አንዱ ድንጋይ ተሸክሟል፣ አንዱ መዶሻ ይዟል፣ አንዷ ሴት ናት፣ ውኃ በእንስራ አዝላለች። “ኖራ ያለ ውኃ አይቦካም፤ ውኃውን ማን ያመጣ መሰለህ?” አሉኝ።

እኔ መቼም መሐንዲስ ልሆን የምማር ሰው ነኝና “እምዬ፣ መጠኑ ልክ አይደለም። በዚህ ግንብ ልክ ሰው ሁለት ሳንቲም ሜትር አይሞላም። የእርስዎ ሰዎች ሰባት ሳንቲም ሜትር ናቸው። ሰባት ሜትር ሰው ማለት እኮ ነው፤ በበሩም አይገባም” አልኳቸው።

“ንጉሡ ይግባበት” አሉኝ። “እነዚህ ውጭ ናቸው። ደግሞ ካነሱ ማን ያያቸዋል?”

ሄዳችሁ እዩዋቸው። ከግንቡ ፊት ቆመዋል። ጽሑፉም ተቀይሯል፤ እንዲህ ይላል፦ “የፋሲል ግንብ፣ ጎንደር። ያሠሩት አጼ ፋሲል። የሠሩት ስማቸው ያልተጻፈ ግንበኞች፤ ከእነሱም መካከል ቤተ እስራኤል። ሦስቱን ሰዎች የሠሩት አያቴ፣ የወለቃ ሸክላ ሠሪ።” በአማርኛም በዕብራይስጥም ጽፌዋለሁ። ዕብራይስጡን በተለይ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው ያተምኩት።

የምለምናችሁ

ልጨርስ ነው። ሁለት ልመና አለኝ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ የሥር ጥናት ይዞ ሲመጣ የምትኮሩበትን ብቻ አትንገሩት። አገር ቤት ምን ሙያ እንደነበራችሁ፣ በሙያው ምን እንደተባላችሁ ንገሩት። እኛ ስድቡን ከውጭ ነው የምንሰማው፤ ሙያውን ከእናንተ ካልሰማን ስድቡ ብቻ ነው የሚቀርልን። “ልጆቹ አይሰሙንም” እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እንዲሁ ቁጭ በሉና ስሙ ስትሉን አንሰማም። እጃችን ሥራ ሲይዝ ግን እንሰማለን። እኔ አባቴን የሰማሁት ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ወጣቶች፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ማትናሱ ውስጥ አንድ ክፍል ተፈቅዶልናል። ቤታችሁ በከረጢት የተቀመጠ ሌጎ አምጡ፤ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ውስጥ እናስገባዋለን። የአጼ ኢያሱን ግንብ እንጀምራለን፤ ቀጥሎ የእቴጌ ምንትዋብን። አጥሩም ይቀጥላል፤ ዘጠኝ ሜትሩን እናቴ ሳሎን ባይሆን እዚህ አዳራሽ እንዘረጋዋለን። ሌጎ ያልያዘ አያቱን ይዞ ይምጣ። እምዬ እመጣለሁ ብለዋል፤ ግን አንድ ነገር ጠይቀዋል፣ ሳሙና ያልሆነ ጭቃ እንድናገኝላቸው። በናታንያ ዙሪያ ጥሩ ጭቃ የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ፣ ከንግግሩ በኋላ ይንገረኝ።

 አሁን ልጆቹ መንካት ትችላላችሁ፤ በቀስታ።